ከአጥሩ ውጭ የቀረ ልብ

«ማዕረግ?»

ተናኘ በትክክል የሰማች አልመሰላትም። ከስክሪኑ ውስጥ የሚያያት ስትተኛም ስትነሳም የምታስበው የዋሲሁን ፊት ነው። ድምፁም የራሱ ነው። ያን ድምፅ ግን እንዲህ ቀዝቅዞ ሰምታው አታውቅም።

«ማዕረግ የላትም» አለች፣ ትራስ ተደራርቦላት አልጋው ላይ የተቀመጠችውን ሴት ትከሻ እንደያዘች። «ገበሬ ናት። ፈትለወርቅ ትባላለች፤ ቤቷ እዚሁ ከካምፑ ሥር ነው። መተንፈስ አቅቷታል፣ እግሯ አብጧል፣ የአንገቷ ደም ሥር ተገትሯል። ዶክተር ሞላ የያዘውን አልትራሳውንድ አንተም እያየኸው ነው። ልቧ በውኃ ታፍኗል።»

ከካምፑ የሚወጣው ምስልና ድምፅ ሳተላይት ላይ ደርሶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ መልስ ይዞ እስኪመጣ ትንሽ ይቆያል። ተናኘ ያቺን መዘግየት ለምዳታለች። የዛሬው ግን ከዚያ ረዘመ። ዋሲሁን ዓይኑን ከእሷ ነቅሎ ወደ ጎን አየ፤ የደረቀ ከንፈሩን በምላሱ አራሰ፤ ከዚያ ፊቱን መለሰ።

«ይቅርታ፣ ሲስተር። ይህ መስመር የተፈቀደው ለሠራዊቱ አባላት ብቻ ነው። ታካሚዋን ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ላኩ።»

ሲስተር! በሰንበት «ዓለሜ» ብሎ የጻፈላት ሰው፣ ዛሬ ሲስተር!

ስክሪኑ ጠቆረ።

የጦር ካምፑ ሆስፒታል ከአርብ ገበያ ከተማ ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ከተሠራ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ወዳጅ አገሮች የጦር ሆስፒታሎቻቸውን በሳተላይት መረብ ሲያገናኙ ይህም ሆስፒታል አብሮ ገባ። ጋይንት ውስጥ የታመመን ወታደር ባሕር ማዶ የተቀመጠ የልብ ሐኪም በስክሪን ያየዋል፤ ምን መደረግ እንዳለበትም እዚያው ይናገራል። ዋሲሁን የእስቴ ልጅ ነው፤ ሻምበልም ሐኪምም። ሆስፒታሉ ሲከፈት የተመደበው እዚህ ነበር፤ ከሲቪሏ ነርስ ከተናኘ ጋር የተዋደዱትም እዚሁ፣ አንድ በሽተኛ ግራና ቀኝ ይዘው ሲያነሱ ሲያስተኙ ነው። ኋላ ለልብ ሕክምና ትምህርት ወደ አንዱ ወዳጅ አገር የጦር ሆስፒታል ተላከ፤ ከዚያም ማክሰኞ ማክሰኞ በመረቡ ማዶ ይቀመጥ ጀመር።

በመስመሩ የሚነገረው ሁሉ ይቀረጻል። ስለዚህ ሌላ ሰው የማይገባው አንዲት ጨዋታ ነበረቻቸው። መስመሩ ሲከፈት «ድምፄ ይሰማል?» ይላል እሱ። «ጥርት ብሎ ይሰማል» ትላለች እሷ። ዶክተር ሞላ የመሣሪያ ፍተሻ ይመስለዋል። የሳምንቱ ናፍቆታቸው ግን በዚያች ውስጥ ያልቅ ነበር።

የፈትለወርቅ ባል ይስማው ኮሪደሩ ላይ ጋቢውን አጣፍቶ ቆሟል። ተናኘ ስትወጣ አንድ እርምጃ ቀረባት።

«ምን አሉ፣ ልጄ?»

«ወደ ትልቁ ከተማ ውሰዷት ነው የሚሉት፣ አያ ይስማው።»

ይስማው በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ትልቁ ነጭ ዲሽ ሰማይ ሰማይ እያየ ግቢው መሐል ቆሟል።

«ያ የቆመበት የገብስ ማሳዬ ነበር» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ግራ መጋባት እንጂ። «ሐኪም ቤት ይሠራላችኋል ቢሉን እሸቱ ሳይደርቅ ለቀቅንላቸው። ለካ ሐኪሙ እኛን አያይም።»

የተናኘ ፊት ነደደ። ያፈረችው በራሷ ቢሆን ይቀላት ነበር። ያፈረችው በምትወደው ሰው ነው።

*

በዚያ ሰሞን ዋሲሁን ደጋግሞ ጻፈላት። «ተናኘ፣ እባክሽ ስሚኝ። በስልክ የሚባል አይደለም።» ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፦ «ፊትሽን አይቼዋለሁ። እንደዚያ አድርገሽ አይተሽኝ አታውቂም።» ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ስልኳ እጇ ውስጥ ይርገበገባል፤ አንብባ ታስቀምጠዋለች። በመጨረሻ አንድ መልስ ጻፈች።

«መስመሩ ለሠራዊቱ አባላት ብቻ ነው ብለኸኛል። እኔ የሠራዊቱ አባል አይደለሁም።»

ከዚያ በኋላ እሱም መጻፉን ተወ። ማክሰኞ ሲመጣ ካሜራውን በሽተኛው ላይ ብቻ ታነጣጥርና ራሷ ከማሽኑ ጀርባ ትቆማለች። «ድምፄ ይሰማል?» ሲል ዶክተር ሞላ ነው የሚመልስለት።

ፈትለወርቅን ቤተሰቧ ወደ ከተማ ወስዷት ነበር። የልብ ሐኪሙ ለስብሰባ ሄዷል ተባሉ፤ ወደ ሌላ፣ ከዚያም ወደሚርቅ ሆስፒታል ሂዱ ተባሉ፤ አውቶቡሱ ላይ ራሷን ስትስት ይስማው ፈራና ይዟት ወደ ቤቱ ተመለሰ። ተናኘ ከሥራ ስትወጣ እየሄደች ታያታለች። የዶክተር ሞላን መድኃኒት ትሰጣታለች፤ ተደግፋ እንድትተኛ ታመቻችላታለች። መድኃኒቱ ልቧን የከበበውን ውኃ እንደማያወጣው ሁለቱም ያውቃሉ። ዶክተር ሞላ ገና ከትምህርት የወጣ ወጣት ነው፤ በልብ ዙሪያ መርፌ አስገብቶ አያውቅም።

«መሪ ቢኖረኝ እሞክረው ነበር» አላት አንድ ቀን። «ብቻዬን ግን ልቧን ብወጋውስ?»

ቅዳሜ እዚያው ጋይንት ወዳለው ወደ ቤተ ልሔም ደብር ወረደች። አባቷ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል እዚያ የድጓ መምህር ናቸው፤ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ይሏቸዋል። ከጥቂት ወራት በፊት ከእስቴ የመጡት የዋሲሁን ሽማግሌዎች ፊታቸው ቆመው ልጅዎን ለልጃችን ብለው ነበር። መሪጌታ እምቢ አላሉም፤ እሺም አላሉም። «በታዘዘበት የሚያድር ሰው ነው። ይመለስና የራሱን ቃል ከራሱ አፍ ልስማ» ብለው ነበር የሸኟቸው። ተናኘ ያን ቀን አልቅሳለች፤ አባቷ ጨካኝ መስለዋት።

አሁን ተማሪዎቹ እስኪበተኑ ጠብቃ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። መሪጌታ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው እስክትጨርስ ሰሟት።

«ሴትዮዋ አሁን እንዴት ናት?» አሉ መጀመሪያ።

«እየደከመች ነው፣ አባባ።»

«እሱስ ምን ይላል?»

«ስሚኝ ይላል።»

«ሰማሽው?»

«ምኑን ልስማው? ምን ምክንያት ሊኖረው ይችላል? ዓይኑ እያየ እኮ ነው! ልቧ ስትጨነቅ በዓይኑ እያየ እኮ ነው ማዕረጓን የጠየቀኝ!»

አባቷ «እኔ ብዬ ነበር» ቢሏት ኖሮ ልትቆጣቸው ትችል ነበር፤ ልትከራከራቸውም። እሳቸው ግን ፀጉሯን ዳበስ አድርገው ወደ ማኅሌታቸው ዝግጅት ገቡ። ተናኘ ለዋሲሁን ልትከራከርለት ፈልጋ፣ የምትከራከርበት አንዲት ቃል አጥታ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ብቻዋን ቀረች።

*

የመረቡ ይፋዊ ምርቃት የተባለው ቀን ደረሰ። ግቢው በሰንደቅ ዓላማ ተሸለመ፤ ድንኳን ተተከለ፤ ጠጠር ፈሰሰ። ከዋና ከተማ የመጡ እንግዶች፣ የወዳጅ አገሮች መኮንኖች፣ ካሜራ የያዙ ጋዜጠኞች በምርመራ ክፍሉ ውስጥ ወንበር ተደርድሮላቸው ተቀመጡ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን ተሰቅሏል፤ የተለያዩ አገሮች የጦር ሆስፒታሎች በየሳጥናቸው ይታያሉ። በአንደኛው ውስጥ ዋሲሁን አለ። ከኋላው ፀጉሩ የነጣ ጄኔራል ተቀምጧል።

የዕለቱ በሽተኛ አስር አለቃ ሞገስ ነው። ሞገስ ምንም አላመመውም። ደረቱን እንዲይዝና እንዲያቃስት ታዝዟል፤ የካምፑ አዛዥ ኮሎኔል ይበልጣል ጠዋት ሁለት ጊዜ አለማምዶታል።

«ያዝ ስታደርገው ፊትህንም ኮምተር አድርገው» ብሎታል።

ተናኘ ነጭ ጋውኗን ለብሳ ከአልጋው ራስጌ ቆማለች። የእሷ ድርሻ ሽቦዎቹን ደረቱ ላይ መለጠፍና ለካሜራው ፈገግ ማለት ነው። መስመሩ ተከፈተ።

«ድምፄ ይሰማል?» አለ ዋሲሁን። ዓይኑ እሷን ፈልጎ አገኛት።

ተናኘ ግን በመስኮቱ ወደ ግቢው በር እያየች ነበር። ከአጥሩ ውጭ አራት ሰዎች ቃሬዛ አስቀምጠው ከዘበኛው ጋር ይነጋገራሉ። አንደኛው ጋቢውን መሬት ላይ ጥሎ እጁን ወደ ሰማይ ይዘረጋል። ይስማው ነው።

ከክፍሉ ወጣች። የጠራትም ያስቆማትም አልነበረም፤ ዕቃ ልታመጣ የሄደች መሰላቸው።

ፈትለወርቅ ከንፈሯ ጠቁሯል። ላብ አጥምቋታል፤ እጇን ስትይዛት የልቧ ምት ከጣቷ ሥር እየጠፋ ይመጣል፣ እየመጣ ይጠፋል።

«መቼ ጠናባት፣ አያ ይስማው?»

«ትናንት ማታ ጀምሯት ነጋ። አሁንማ ስሜንም አትጠራው። ልጄ፣ ይኸው አስገቡኝ ብል ዛሬ እንግዳ አለ ይሉኛል። የምትሞት ሴት ለእንግዳ ቀን ምርጫ አላት እንዴ?»

ዘበኛው መሬት መሬት እያየ «ሲስተር፣ ትእዛዝ ነው» አለ። «እኔን ታስጠይቂኛለሽ።»

«እኔ አስገደድኩት በል። ስሜን ንገራቸው፤ ተናኘ ወልደ ሩፋኤል በል። አንሱት፣ ወንድሞቼ!»

ቃሬዛው ተነሳ። ዘበኛው አንዴ ወደ ሕንፃው፣ አንዴ ወደ ሴትዮዋ አየና የበሩን መዝጊያ እንጨት ከፍ አደረገው።

ክፍሉ ውስጥ ኮሎኔል ይበልጣል እጁን ወደ ሞገስ ዘርግቶ ይናገራል፤ «ይህ ጀግና የሠራዊታችን አባል በድንገት የልብ ሕመም ቢያጋጥመው...» በሩ ተበርግዶ ጭቃ በነካው እግራቸው የገቡት ገበሬዎች ቃሬዛቸውን ይዘው መሐል ላይ ሲቆሙ ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ።

«ተነስ፣ ሞገስ» አለች ተናኘ።

ሞገስ ኮሎኔሉን አላየም። ሴትዮዋን አየና ከአልጋው ዘሎ ወረደ፤ ራሱም ደግፎ አስቀመጣት።

«ሲስተር ተናኘ!» ኮሎኔሉ ጥርሱን ነክሶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምን እየሠራሽ ነው?»

«በሽተኛ እያቀረብኩ ነው፣ ኮሎኔል። የጎደለን በሽተኛ መስሎኝ።»

«አውጧት! ይህ ፕሮግራም...»

«ፕሮግራም!» የተናኘ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። እንዲህ መጮህ እንደምትችል ራሷም አታውቅም ነበር። «ደህና ሰው አስተኝታችሁ በውሸት ስታስቃስቱ፣ እውነተኛዋ በሽተኛ አጥር ሥር ልትሞት ነበር! ይቺ ሴት ማን እንደሆነች ያውቃሉ? ያ ዲሽ የቆመበት መሬት ባለቤት ናት! ሐኪም ቤት ነው ብላችሁ ገብሷን አስለቅቃችሁ፣ ሐኪም ቤቱን ስታንኳኳ ማዕረግሽ ምንድን ነው አላችኋት! ባሕር ማዶ ያለ ሰው ሳል በስክሪን ትሰማላችሁ፤ ከግንባችሁ ሥር ያለች ጎረቤታችሁ ስታጣጥር ግን አትሰሙም! እናንተ እዚያ ያላችሁትም!» ወደ ስክሪኑ ዞረች። «አንተም፣ ሻምበል! አንተ የእስቴ ገበሬ ልጅ! እናትህ ማዕረግ ነበራት እንዴ?»

ድምፅዋ ሰማይ ወጥቶ ሲወርድ በየሳጥኑ ያሉት ፊቶች አንድ በአንድ ቀና አሉ። ነጭ ፀጉር ያለው ጄኔራል ወደ ዋሲሁን ጎንበስ ብሎ በእንግሊዝኛ ምን እያለች ነው ብሎ ጠየቀው።

ተናኘ ዋሲሁንን አየችው። ሊያለዝበው ይችላል። «ድንገተኛ በሽተኛ መጥቶባት ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ የሚያውቀው የለም፤ ትምህርቱም ማዕረጉም በዚያ ይተርፋል።

ዋሲሁን ከወንበሩ ተነሳ። ተረጎመው። የዲሹን መሬት፣ ገብሱን፣ ማዕረግ መጠየቁን፣ ሳሉን፣ ሁሉንም ተረጎመው። ተናኘ የትምህርት ቤት እንግሊዝኛዋን አሟጣ ተከተለችው፤ አንዲት ቃል አልጣለም። ስለ እናቱ ወደተናገረችው ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ፤ እሱንም ግን አላስቀረውም።

ጄኔራሉ ሌላ ነገር ጠየቀ። ዋሲሁን አንገቱን ነቀነቀ።

«ወታደር አይደለችም። ታማለች» አለ፣ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ። ከዚያ ማንንም ሳይጠብቅ ወደ ካሜራው ቀረበ። «ዶክተር ሞላ፣ አልትራሳውንዱን ያዝ። ከደረቷ አጥንት ሥር አድርገው። ሲስተር... ተናኘ፣ ከወገቧ ቀና አድርገሽ ያዢልኝ።»

«መስመሩን ዝጋው!» ብሎ ጮኸ ኮሎኔል ይበልጣል።

የመስመሩ ባለሙያ ዘካርያስ እጁን ወደ ማጥፊያው ሰደደ። ፈትለወርቅን አየ። እጁን መልሶ ብብቱ ውስጥ ከተተውና ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ኮሎኔሉ ራሱ ሊሄድበት ሲል ከእንግዶቹ አንዷ፣ ማዕረጓ ከእሱ ከፍ የሚል ሐኪም መኮንን፣ «ይቀጥል» አለች ባጭሩ። ቀጠለ።

«ጥቁሩን ታየዋለህ? ውኃው እሱ ነው» ይላል ዋሲሁን። «መርፌህን ወደ ግራ ትከሻዋ አቅጣጫ አዘንብለው። ቀስ። እየሳብክ ግባ። አትፍራ፣ ተንፍስ። እኔ አለሁ። አሁን ትንሽ ወደ ውስጥ...»

ሲሪንጁ ውስጥ ቅራሪ የመሰለ ቀላ ያለ ፈሳሽ ገባ። ሞላ «ወጣ!» ብሎ ቃተተ። ሳቡት፤ ደግሞ ሳቡት። ዋሲሁን ከሰማይ ማዶ «ቀስ፣ አትቸኩሉ» ይላል። ስክሪኑ ላይ፣ በጥቁሩ ውኃ ተጨብጦ የነበረው ልብ ቀስ በቀስ ይዘረጋ ጀመር። ተናኘ ከጣቷ ሥር የጠፋውን ምት አገኘችው፤ ጠነከረ፤ ጸና።

ፈትለወርቅ ረዥም ትንፋሽ ሳበች። ዓይኗን ገልጣ ዙሪያዋን የቆሙትን ዩኒፎርሞች አየች።

«ይስማው፣» አለች፣ «የማን ድግስ ነው?»

ይስማው ሳቀ፤ ሳቁ መሐል ላይ ልቅሶ ሆነና ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለ። እንግዶቹ ማጨብጨብ ጀመሩ። ተናኘ ጭብጨባውን ጠላችው። ወደ ስክሪኑ ቀና ስትል ጄኔራሉ የዋሲሁንን ክንድ ይዞ ወደ በሩ ይመራዋል፤ እሱ ግን እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ ነበር። ልትሰድበው ትፈልጋለች። ልታቅፈውም ትፈልጋለች።

*

ማግስቱን ሬዲዮው ስለ ምርቃቱ አወራ። «የሠራዊቱ ቤተሰብ የሆኑ አንዲት እናት በተደረገላቸው ፈጣን ሕክምና ሕይወታቸው ተርፏል» አለ። ኮሎኔሉም ድምፁን አሰማ፤ መረቡ ለሕዝቡ ያለው ጥቅም በተግባር ታይቷል አለ። በዚያው ቀን ተናኘ ሥነ ሥርዓት በመጣስ ከሥራ ተሰናበተች። በዚያው ሳምንት ኩላሊቱን የታመመ አንድ ሽማግሌ የካምፑ በር ድረስ መጥቶ ሳይታይ ተመለሰ። ዋሲሁን ትምህርቱ ተቋርጦ ወደ አገሩ እንዲመለስ መታዘዙን ከዶክተር ሞላ ሰማች። ማክሰኞ በስክሪኑ የቀረበው ሌላ ሰው ነው።

ይስማው ያን ዜና ከጎረቤት ሬዲዮ ሰምቶ ተነስቶ ቆመ።

«የሠራዊቱ ቤተሰብ? እኔ?» አለ ተናኘን ቤቷ ድረስ መጥቶ። ያ የገረረ ዝምተኛ ፊቱ አሁን በቁጣ ቀልቷል። «ሚስቴ በሞት አፍ ስትቆም አላወቁንም። ስትድን ቤተሰባችን ናት አሉ። ይህንስ አልሸከምም!»

ዓርብ፣ ገበያተኛው አህያውን እየነዳ ወደ አርብ ገበያ ሲተም፣ መሬታቸውን ለካምፑ የለቀቁ ገበሬዎች ሁሉ ገበያውን ትተው፣ ሐኪም ቤቱን ክፈቱልን ብለው የካምፑ በር ላይ ቆሙ። ዱላ አልያዙም። ፈትለወርቅ ራሷ በቅሎ ላይ ተቀምጣ መጥታለች። ተናኘም ከመሐላቸው ናት። ኮሎኔል ይበልጣል ወጥቶ «ተበተኑ» አለ፤ አልተበተኑም። «የተሰጣችሁ ተስፋ በቃል ነው፤ ማን ሰማ?» አለ።

«እኔ ሰምቻለሁ።»

ሁሉም ዞሩ። ሻንጣውን በትከሻው ያነገተ፣ የደብረ ታቦር አውቶቡስ አቧራ ያለበሰው ሰው ከገበያተኛው መሐል እየወጣ ነበር። ተናኘ ከስክሪን ውጭ ካየችው ዓመት አልፏል። ከስቷል። ዩኒፎርሙን አልለበሰም።

«ሆስፒታሉ ሲከፈት እዚህ ነበርኩ» አለ ዋሲሁን ለገበሬዎቹም ለኮሎኔሉም። «የአካባቢው ሕዝብ ይታከምበታል ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ የትም ቦታ እመሰክራለሁ። ደግሞ ሌላ የምናገረው አለኝ። እታለም ፈትለወርቅ፣ መጀመሪያ የመለስኩዎት እኔ ነኝ። ከካሜራው ጎን አለቃዬ ቆሞ ነበር፤ ሲቪል ብትቀበል ከመረቡ ትወጣለህ ብሎኝ ነበር። ለሌሎቹ በሽተኞች ስል ልቆይ ብዬ ራሴን አታለልኩ። እርስዎን አይቼ ዓይኔን መለስኩ። ያ የእኔ ነው።»

ፈትለወርቅ ከበቅሎዋ ላይ ጎንበስ ብላ አየችው።

«ኋላስ አላየኸኝም እንዴ፣ ልጄ?» አለች። «እሱንም ጨምረህ ተናገር።»

ያን ቀን በሩ አልተከፈተም። ይስማውና ጎረቤቶቹ አቤቱታቸውን ይዘው ወደ ዞን፣ ከዚያም ወደ ላይ ሄዱ፤ «ይቀጥል» ያለችው ሐኪም መኮንንም ያየችውን ጻፈችላቸው። ብዙ ተንገላቱ። በመጨረሻ በሳምንት አንድ ቀን የአካባቢው ሰው በመስመሩ እንዲታይ ተፈቀደ። አንድ ቀን! ተናኘ ስትሰማ ደስ አላት፣ ወዲያውም ተናደደች፤ በሽታ ቀን መርጦ ይይዝ ይመስል።

በዚያው ዓርብ ግን፣ ሰዉ ሲበተን፣ ሁለቱ ወደ ቤተ ልሔም በሚወስደው መንገድ ዳር ብቻቸውን ቀሩ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው። «አንዲት ቃል! አለቃዬ ቆሟል ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«ስልካችን ይታያል። ደግሞ... ስሚኝ ካልኩሽ በኋላ ሳስበው፣ ብነግርሽ ይቅር ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«ይቅር እንዳልልህ ፈራህ?»

«ይቅር እንዳትይኝ አይደለም፤ ይቅር እንድትይኝ ፈራሁ። ምክንያቴን ሰምተሽ ብታዝኚልኝ፣ እሷ እዚያው አጥር ሥር ትቀር ነበር። ያንቺ ቁጣ ነው ያስገባት።»

ተናኘ ደረቱን በሁለት እጇ ገፋችው። ገፋችውና ሸሚዙን ሳትለቅ ቀረች።

«ፈትለወርቅን እንደሞተች ነበር እኮ የቆጠርኳት!» አለች፣ እንባዋ አሁን ገና እየመጣ። «ማታ ማታ እሷን ሳስብ ያንተ ፊት ነበር የሚመጣብኝ። የምወደው ፊት! ያን ፊት እንድጠላ አደረግኸኝ፣ ዋሲሁን። ጠልቼህ እንኳ አልሆነልኝም። ይህን ምን ብዬ ይቅር ልበልህ?»

እጁን እጇ ላይ ጫነ። ከሩቅ የገበያተኛው ድምፅ ይሰማል። ግንባሯን ደረቱ ላይ አሳረፈች፤ በቁጣዋ ውስጥ፣ በሳተላይት የማይላክ የሰው ሙቀት ተሰማት።

አብረው ወረዱ። መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ዋሲሁንን አስቀምጠው ከራሱ አፍ ሰሙት፤ ያጠፋውንም ያደረገውንም። አሁን ማዕረግም ትምህርትም እንደሌለው፣ ከሠራዊቱ መሰናበቻውን እየጠበቀ እንደሆነ፣ ከተፈቀደለት በስማዳ ወረዳ፣ በወገዳ ከተማ በሐኪምነት ሊቀጠር እንደሚፈልግ ነገራቸው። ሲጨርስ ወደ ውጭ ላኩትና ልጃቸውን ጠሩ።

«ቁጣሽ በረደልሽ?»

«አልበረደልኝም፣ አባባ።»

«ትወጂዋለሽ?»

ተናኘ መሬቱን አየች። ከዚያ ቀና ብላ በዓይናቸው መሐል አየቻቸው።

«እወደዋለሁ።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ተነሱ።

«እንግዲያስ ሁለቱንም ይዘሽ ወደ ትዳርሽ ግቢ» አሏት። «አንዱን ጥለሽ የገባሽ እንደሆነ ነው የምፈራልሽ።»